ሳልሸልት የፈረድኩባት ጊደር

ሃርሎ ሸለቆ፣ ሞንታና
ሐሙስ፣ ማርች 9 ቀን

ለልጄ ለክሊት፣

እንዴት ሰነበትክ? ብርድ ልብስ እንደጨመሩልህ ጠበቃህ ነግሮኛል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። ላሞቹ መውለድ ጀምረዋል፤ እስከ ዛሬ አስራ ዘጠኝ ጥጃ፣ ሁለቱ ሞቱ። ቀዩ ፈረስህ ማንንም አላስጠጋ ብሏል፤ ወንድምህን ዌድን ክንዱን ነከሰው። ደግ አደረገ።

ይህን የምትጽፍልኝ ሶልቪግ ሃውገን ናት። አዎ፣ የገደልከው የኒልስ ሚስት። እናትህ ከሞተች ጀምሮ ደብዳቤዬን ሁሉ የምትጽፍልኝ እሷ ናት፤ ሌላ ሰው አላምንም። ዛሬ ጠዋት በሯ ላይ ብቆም "ደግሞ ምን ቀረህና መጣህ፣ አንተ ሽማግሌ?" አለችኝ።

"የማስጽፈው አለኝ" አልኳት።

ወንበር ሳበችልኝ። "በል ተናገር። አንድ ቃል አልጨምርልህም፣ አንድ ቃል አልቀንስልህም።"

እንግዲህ ስማ። በጃንዋሪ ያቺን ጥቁር ጊደር በኒልስ መንጋ ውስጥ አይቼ "የኛ ናት፤ ምልክታችን ላይ የራሳቸውን በጋለ ብረት ደርበው ተኩሰውባታል" ያልኩህ እኔ ነኝ። በብርዱ ወራት የከብት ፀጉር ረዝሞ ምልክቱን ይሸፍነዋል። ሳይሸልቱ እንደማይነበብ ከአምስት ዓመትህ ጀምሮ ያስተማርኩህም እኔው ነኝ። ግን ፊደል ባልቆጥርም ምልክት በማንበብ የሚስተካከለኝ የለም እያልኩ ስኮራ ኖሬ፣ ከአጥር ማዶ አንዴ አይቼ ፈረድኩ። "ወንድ ከሆንክ ሄደህ አምጣት" አልኩህ። ጠመንጃውን ስታነሳ አየሁ። ዝም አልኩ።

ለሸሪፉ "እጁን ኮቱ ውስጥ ሲከት ሽጉጥ ሊያወጣ መስሎኝ ተኮስኩ" ብለሃል። እውነትህን ነው፣ መስሎሃል። እኔና ዌድ ስንደርስ አንተ መኪናው ላይ ተደግፈህ ታስታውክ ነበር። ኒልስ በረዶው ላይ ወድቋል። በእጁ የያዘው መሸለቻ መቀስ ነው። ጊደሯን ሸልቶ ምልክቱን ሊያሳይህ ነበር። ሸሪፉ ሳይደርስ መቀሱን አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። አንተ አላየህም፤ እኔም እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።

እዚህ ላይ ሶልቪግ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። "የትኛው መቀስ?"

"እጀታው በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለው።"

"እኔ ነኝ የጠቀለልኩለት። እጁን ይልጠው ነበር" አለች። እስክሪብቶውን መልሳ አነሳች።

ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ወደ በረታቸው ሄጄ ጊደሯን በዚያው መቀስ ሸለትኳት። ምልክቷ የነሱ ነው። ምንም አልተደረበበትም።

ዛሬ ቁርስ ላይ ለዌድ ነገርኩት። "አባዬ፣ መቀሱን ወንዝ ክተተው። ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርበህ ሰርቀውናል ካልክ ክሊት ነጻ ይወጣል" አለኝ።

"ውሸት ነው።"

"አንተ የማን አባት ነህ? የኛ ነህ የሃውገኖች?" የራሱን ጠመንጃ ከግድግዳ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። "መቀሱን ሳትሰጠኝ ከዚህ ቤት አትወጣም።"

"እንግዲያው ከኋላ ተኩስ፤ ፊቴን እያየህ አትችልም" ብዬው ወጣሁ። አልተኮሰም። እስከ መኪናዬ ድረስ ግን ጀርባዬን ሲያሳክከኝ ነበር። ተከትሎኝ መጥቶ አሁን ከሶልቪግ በር ፊት ለፊት ቆሟል። ሞተሩን አላጠፋም። ሶልቪግ ለሸሪፉ ደውላለች፤ መቀሱን ሊረከበኝ እየመጣ ነው። ማን ቀድሞ በሩን እንደሚያንኳኳ አላውቅም።

ሰኞ ሁሉንም እናገራለሁ፤ መቀሱን፣ ጊደሯን፣ የላክሁህ እኔ መሆኔን። ያስፈታሃል አልልህም። ምናልባት ያከብድብሃል። ኒልስ ግን ሌባ ተብሎ ተቀብሯል፤ ያንን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እኔንም ያስሩኝ እንደሆነ ይሰሩኝ።

ይቅርታ የሚለውን ላስጽፍ ስል ሶልቪግ "እሱን በገዛ አፍህ ትነግረዋለህ" ብላ እምቢ አለችኝ። ልክ ናት።

እህል ቅመስ። ከሰው አትጣላ። እግዚአብሔር ካንተ አይራቅ። ሰኞ ስገባ ፊቴን ማየት ካስጠላህ ወደ ዳኛው ዙር። እኔ ግን አንተን ነው የማየው።

አባትህ
ኦርቪል ታከት
(በጣቱ የፈረመ)