ስለ አረብ ብረቷ ሽጉጥሽ ዋጋ

ፌንግዩዋን፣ ማርች 3 ቀን 2025

ለልጄ ለፔይሻን፣

ዶክተር ዌይ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት መጥቶ ሽጉጥሽን አየ፤ ሳይወስዳት ሄደ። የፊታችን ቅዳሜ እመለሳለሁ ብሏል።

እንዴት ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ከአዲስ ዓመት ወዲህ ተሽሎታል፤ ገበያ ስትሄድ አሁን እኔ ነኝ የምከተላት። የላክሽውን የሮተርዳም ቤት ፎቶ ለጎረቤት ሁሉ አሳይታ ጨረሰች። መስኮቱ ሰፊ ነው። ወጥ ቤቱ ግን ጠባብ ነው ትላለች፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ለዚያ ቤት ቅድሚያ ክፍያ እንዲሆንሽ ሽጉጧን ሽጡልኝ ብለሽ ከጻፍሽ አምስት ሳምንት ሆነ። ለምን እንደዘገየ ልንገርሽ።

ዋጋ ለመጥራት ዕቃውን ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ የማውቀው፣ የፕላስቲክ ፍሬ ለምትተፋ የጨዋታ ሽጉጥ በእኛ ዶላር ሃያ ስምንት ሺህ መክፈልሽን ብቻ ነበር። የዚያን ቀን እራት ላይ ያልኩትን አልረሳሁም። "በዚህ ገንዘብ ማቀዝቀዣ ይገዛ ነበር" አልኩ። አንቺም "ማቀዝቀዣ አለን እኮ አባዬ" አልሽኝ። ከዚያ በኋላ እስክትሄጂ ድረስ ስለ እሷ አላወራንም።

ከሳጥኗ ሳወጣት በግራ ጎኗ፣ ስትተኩስ ወደ ኋላ በሚንሸራተተው ክፍል ላይ፣ ቡናማ ዝገት አየሁ፤ መጠኑ የባቄላ ፍሬ ያህላል። ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ። ለገዢ እንድታምር ብዬ እናትሽ የዓሣ መጥበሻ በምታጥብበት ሳሙና አጠብኳት፤ በፎጣም አደረቅኳት። ዝገቱ አልለቀቀም። የቀረው ግን አበራ፤ በሥራዬም ኮራሁ።

ከዚያ አንድ እሑድ ወደ ሺንሸ ወጣሁ። የተኩስ ጨዋታ ቡድንሽ አሁንም የሚጫወተው በዚያው በተዘጋው የእንጉዳይ እርሻ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የቡድኑ አለቃ እትዬ ቹ ናት፤ የአኩሪ አተር ቶፉዋን ሸጣ ጨርሳ፣ ሽርጧን ሳትፈታ ነው የምትመጣው። ሽጉጧን ተቀብላ ወደ ኋላ ስትስባት ብረቱ ሲጥ አለ። ብረቱን በጣቷ አሽታ፣ ጣቷን አሸተተች።

"ጋሼ፣ በምንድን ነው ያጠቧት?"

"በሳሙና።"

"ድስት መሰለችዎት? እንኳን ሩዝ አልቀቀሉባት።"

ከቦርሳዋ ዘይት አውጥታ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ቀባችልኝ። አረብ ብረት በእኛ አገር እርጥበት፣ ዘይት ካልተቀባ፣ አንድ ሳምንት እንደማይቆይ፣ በእጅ የተነካ ሁሉ ሳጥን ውስጥ ሳይገባ መወልወል እንዳለበት ያስረዳችኝ ያን ጊዜ ነው። እኔ ያንን ዘይት ቆሻሻ ነው ብዬ ነበር ያስወገድኩት።

ጠዋቱ ብርድ ነበር። ሁለት ጊዜ ተኮስኩ። በሦስተኛው ተንሸራታቹ ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ሄደና መሐል ላይ ቆመ። ፍሬዋን የሚያስወነጭፈው ጋዝ ሲበርደው ጉልበት ያጣል፤ ከባዱን ብረት መግፋት ያቅተዋል። ጋዙና ፍሬው ያለበትን ካዝና ከእጀታዋ አውጥቼ ብብቴ ሥር እንድይዘው ነገሩኝ። ግድግዳ ተደግፌ፣ ካዝና ታቅፌ እንደ ዶሮ ተቀመጥኩ። እትዬ ቹ በጓሮ ዞራ መጥታ ጀርባዬን መታችኝ። ማንም አላየም። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ ዳኛ የለም፤ የተመታ ራሱ እጁን ያነሳል። አነሳሁ።

"በስንት ሞቱ ጋሼ?" አለችኝ የራሷን የፕላስቲክ ሽጉጥ እያሳየችኝ። "በሦስት ሺህ ተኩል ነው የሞቱት። ውድ አሟሟት ከፈለጉ በዶክተር ዌይ በኩል ይሂዱ።"

ዶክተር ዌይን አታውቂውም፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ የመጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ገዢው እሱ ነው።

አንድ እሑድ ለዋጋ ግምት አልበቃኝም፤ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። እናትሽ "አንተ ሰው፣ ወር ሙሉ ዋጋ ታጣራለህ? እኔን ስታገባ እንኳ ይህን ያህል አላጣራህም" ትላለች። ካዝና ብብቴ ውስጥ ይዤ ዜና ሳይ ደግሞ አይታ እንዳላየች ታልፋለች።

ያጣራሁትን ልጻፍልሽ። ሽጉጧ ከአንድ ኪሎ በላይ ትመዝናለች፤ ከሰዓት በኋላ ክንዴ ይዝላል። ጋዝ ትጠጣለች። ከፕላስቲኳ አርቃ አትመታም፤ ፍሬዋ ከምን እንደወጣች አታውቅም። በሌላ በኩል፣ ከቡድኑ ሁለት ሰዎች የአሉሚኒየም ተንሸራታች ነበራቸው፤ የሁለቱም ዓመት ሳይሞላ ተሰነጠቀ። ያንቺ ጭረት እንኳ የላትም። ደግሞ ወደ ኋላ ተስቦ ሲለቀቅ ያለው ድምፅ አለ። የከባድ በር መቀርቀሪያ ቦታው ሲገባ የሚሰማውን ዓይነት ነው። ቤት ውስጥ ማንም በሌለበት አንድ ሁለቴ ሞክሬዋለሁ።

ትናንት እትዬ ቹን መታኋት። በአራት እሑድ የመታሁት ሰው እሷ ብቻ ናት። እጇን አንስታ ወጣችና "ፍሬዋ ሳትደርስ ድምፁ ነገረኝ። ልጅትዮዋ የተመለሰች መሰለኝ" አለች። ከዚያ ጫማዋን ማሰር ጀመረች።

ወደ ዶክተር ዌይ ልመለስ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሽጉጧንም እንደ ጥርስ ነው የመረመራት። ውስጧ ንጹሕ ነው አለ። ዝገቱን ግን ጣቱን ሳያስነካ አሳየኝ። "ጋሽ ጃን፣ በማለስለሻ ቅባት አሥር ደቂቃ ቢያሹት ይጠፋል። ያኔ ሃያ አምስት ሺህ እሰጣለሁ" አለኝ። ያገለገለ ዕቃ በመሆኑ ዋጋው ጥሩ ነው። ቅባቱን የዚያኑ ቀን ገዛሁ።

ከማሸቴ በፊት የድሮውን የእርማት አጉሊ መነጽሬን አመጣሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጋዜጣ እርማት የሠራ ሰው ምንም ነገር ሳያየው አይሰርዝም። ዝገቱ የአውራ ጣት አሻራ ነው። መስመሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። እኔ ሳጥብ የነካሁ መስሎኝ ከራሴ ጣት ጋር አስተያየሁት። የእኔ አይደለም። መሐሉን ከላይ ወደ ታች የሚያቋርጥ ቀጭን መስመር አለው። ሰባት ዓመትሽ ላይ የዘይቱና ፍሬ ስትቆርጪ ግራ አውራ ጣትሽን የቆረጥሽ ቀን ሐኪም ቤት የወሰድኩሽ እኔ ነኝ፤ ሦስት ስፌት ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ስትከቻት ሳትወለውያት ቀርተሻል ማለት ነው። ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ ምንም አይቀርም ነበር።

ቅባቱ እስካሁን አልተከፈተም። ጨርቁ ሻካራ ሆኖብኝ ነው።

ጋዜጣ ቤት ሳለሁ ስህተት ካወጣን በማግሥቱ፣ በዚያው ገጽ፣ አጭር እርማት እናወጣ ነበር። እነሆ፦ ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት በእራት ገበታ ላይ ስለ ማቀዝቀዣ የተነገረው ትክክል አልነበረም።

አሁን ሌላ ነገር ተፈጥሯል። ሁለተኛ ገዢ መጥቷል። የሰፈራችን ሰው ነው፤ ጡረተኛ ነው። ሃያ ስምንት ሺህ ሙሉውን ይከፍላል፤ ገንዘቡም ሰኞ በባንክ ይደርስሻል፤ ለቤቱ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቋል፤ ዝገቱ እንዳለ ይቀመጥ፣ ዙሪያው ብቻ ዘይት ይቀባ። ስሙ እንዳይጠቀስ ስለፈለገ አልጠቅሰውም። እናትሽ ግን ታውቀዋለች፤ እብድ ነው ትላለች።

ሽጉጧ ያንቺ ናትና ምርጫውም ያንቺ ነው። ደብዳቤው በፖስታ እስኪደርስ ስለሚዘገይ ፎቶውን ዛሬውኑ በስልክ እልክልሻለሁ።

የምትገቢበት ቤት የሚሞቅ ይሁን፤ ጎረቤትሽም ደግ ይሁን፤ መንገዱ ሁሉ በሰላም ያግባሽ፣ በሰላም ያውጣሽ። ኮትሽን ቆልፊ።

መልስሽን እስከ ዓርብ ማታ እጠብቃለሁ። ዶክተር ዌይ የሚመጣው ቅዳሜ በአራት ሰዓት ነው።

አባትሽ
ጃን ዌንሹን