አባትሽ ያላነሳው ስልክ

ለልጄ ለፊርደውስ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። አላህ በሰው አገር ክፉ አያሳይሽ፣ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ በርትቷል፤ አንቺን ደግሞ ሙቀቱ ይጎዳሽ ይሆን እላለሁ።

«አባቴ ስልክ አያነሳልኝም፣ ተቀይሞኛል» ማለትሽን አክስትሽ ረውዳ ነገረችኝ። ልጄ፣ አልተቀየመሽም። የዓይኑ ብርሃን ከጠፋ ወዲህ በአሮጌው ስልክ ከመስታወቱ ግርጌ ያለችውን ቁልፍ ዳብሶ እየተጫነ ነበር የሚያነሳልሽ። እሱ ተበላሸ። የላክሽለት አዲሱ ግን ፊቱ ሁሉ ልሙጥ ነው። ኮምቦልቻ ጎበዝ ጠጋኝ አለ ሲሉኝ ወስጄ አሳየሁት። «እናቴ፣ አዲሶቹ ላይ ያቺ ቁልፍ ቀርታለች» አለኝ።

ሐሙስ ከገበያ ስመለስ ስልኩ ይጮሃል። አባትሽ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መስታወቱን ከላይ እስከ ታች ይዳብሳል፤ ጺሙ በእንባ ርሷል።

«ፊርደውስ ናት» አለኝ። «የቱ ጋ ልንካላት?»

ሳልደርስለት ጥሪው ተቋረጠ።

«እንዳትነግሪያት፣ ታዝናለች» ብሎኝ ነበር፤ አልቻልኩም። እባክሽ ከመግሪብ በኋላ ደውይ። ያን ጊዜ ቤት ነኝ፤ አንስቼ ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ።

አላህ በሰላም መልሶሽ ድምፅሽን ያለ ስልክ ያሰማው።

እናትሽ ዘይቱና