የአጎታችን ማበጠሪያ በስንት ተሻገረ

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለኔሪዳ፣

እንዴት ከርመሻል እታለም? ጤናሽስ እንዴት ነው? የኦድቫር ጉልበት ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ሲወጣ እንደ ጳጳስ በዝግታ ነው? ሲሪ ደኅና ናት? አማትሽስ፣ ያ የባሕር ነፋስ አልበረታባቸውም? እኔ ደኅና ነኝ፤ መልኬም አልቀነሰም።

የእጅ ጽሑፉን አይተሽ ማን ጻፈለት እንዳትዪ፤ እኔው ነኝ። እስከ ዛሬ በስሜ የደረሱሽን ደብዳቤዎች የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ማርሊን ነበረች። ቀልዴን እየቆረጠች በምትኩ የዝናብ ወሬ ታስገባበት ነበር። አሁን የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። አስተማሪዋ እንደ እኔ ያለ ተማሪ አይታ እንደማታውቅ ነግራኛለች፤ በምን በኩል እንደሆነ ግን አልጠየቅኋትም።

ወሬው ይህ ነው፤ የገበሬ ማኅበራችን ከጎረቤት መንደር ከሃይነንታሎች ማኅበር ጋር ተዋሃደ፤ የእኛው ፈርሶ እነሱ ውስጥ ገባ። አዎ፣ ከእነዚያው ጋር። አባባ ቢሰማ ከመቃብር ቀና ይል ነበር። ግን ምን እናድርግ? አባሎቻችን አረጁ፣ ገሚሱም መሬቱን ሸጦ ሄደ፤ የቀረነው ዘሩን ከገለባና ከአረም የሚለየውን የማበጠሪያ ማሽናችንን መድን እንኳ መክፈል አቃተን። ካልተዋሃድን ማሽኑ ለቁራሌው ሊሸጥ፣ ገበሬው ዘሩን ለማስበጠር ከተማ ድረስ ሊንከራተት፣ ማሽኑን ከእርሻ እርሻ እየጎተትኩ የማሠራው እኔም ሥራ ልፈታ ነበር። ሃይነንታሎች ደግሞ ጥሩ መጋዘን አላቸው፤ ማበጠሪያቸው ግን ባለፈው መኸር ተቃጥሏል። የቀረው የሊቀ መንበራችን ፊርማ ብቻ ነበር። ሊቀ መንበራችን ደግሞ፣ እንደምታውቂው፣ አጎታችን ክላሪ ናቸው።

የሂሳብ ባለሙያዋ ብሮንዊን ረቂቁ ላይ ማበጠሪያው በስድስት ሺህ ዶላር ይሻገር ብላ ጻፈች፤ ዋጋው ለመዝገብ ነው እንጂ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ገንዘብ የለም። በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እየተባለ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ሲቀነስ ኖሮ፣ በመዝገብ የቀረለት ዋጋ ያው ነው። አጎታችን ይህን ሲሰሙ ጠረጴዛውን መቱት። «ስድስት ሺህ? ጎማው ብቻ እኮ ይበልጣል! ጥሎሽ እንደሌለው ሙሽራ አንገቴን ደፍቼ ሃይነንታል አልገባም!» አሉ። የከተማ ነጋዴ ገምቶላቸው ነበርና ሠላሳ ስምንት ሺህ ካልተባለ አልፈርምም ብለው ቁጭ አሉ። የሃይነንታሉ ሊቀ መንበር ሊንሴይ ክሮሸል ያለ አንዳች ክርክር ተስማማ። ሊንሴይ በዳቦ ዋጋ እንኳ የሚከራከር ሰው ነው። ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር፤ ወይም አሁን ሳስበው የጠረጠርኩ ይመስለኛል።

የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ሁለቱም ማኅበሮች እኛ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ጸሐፊያችን መነጽሩን ረስቶ ስለመጣ ረቂቁን እኔ ላንብብ ብዬ ተነሣሁ። ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል ሳነብ ሊንሴይ «ኬልቭ፣ ዘሩ ሳይበቅል ጨርስ እንጂ!» አለኝ። «አንተ ምን ቸኮልክ፣ ማበጠሪያህ ተቃጥሏል!» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ጭብጨባም ነበረ፤ ለንባቤ ይሁን ለቀልዱ አላጣራሁም።

ከዚያ ብሮንዊን ተነሣች። «አቶ ክላሪ፣ ሠላሳ ስምንት ካሉ እንደ ሽያጭ ነው የሚቆጠረው። ከስድስቱ በላይ ያለው ገቢ ይባልና ግብር ይጣልበታል። ከፋዩም፣ ከመፍረሱ በፊት፣ የእርስዎ ማኅበር ነው» አለች።

«እንከፍላለን! ክብር በነፃ አይገኝም!» አሉ አጎታችን።

«በምን? ወንበሮቹን ሸጠን?» አለች ማርሊን ከኋላ፤ ገንዘብ ያዣችን እሷ ናት።

ብሮንዊን ግን አልጨረሰችም። «የአቶ ሊንሴይ ማኅበር ደግሞ በሠላሳ ስምንት እንደገዛ ይቆጠርለታል። እርጅናውን ከዚያ ላይ ሀ ብሎ ይጀምርና በየዓመቱ ግብር ከሚከፍልበት ገቢ እየቀነሰ ይኖራል።»

አጎታችን «በስድስት ሺህ ቢሻገርስ?» አሉ።

«ሁለታችሁም ይህንን መርጣችሁ ከፈረማችሁ ዛሬ ግብር የለም። ማሽኑ ከነዕድሜው ነው የሚሻገረው። እነሱም እርስዎ ካቆሙበት፣ ከስድስት ሺህ ላይ ይቀጥላሉ።»

ነገሩ ለሁሉም እንዲገባ ብዬ «ባሏ የሞተባትን ሴት ያገባ እኮ መልሶ ኮረዳ አያደርጋትም!» አልኩ። ማርሊን የጠረጴዛ መወልወያውን ፊቴ ላይ ወረወረችው። ባሏ የሞተባት መሆኗ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

አጎታችን ወደ ሊንሴይ ዞሩ። «አንተ፣ ይህን ታውቅ ነበር?»

«ሠላሳ ስምንት አልክ፣ እሺ አልኩ። ሃምሳ ብትልም እሺ እል ነበር!»

«ሌባ!»

«ዋጋውን ያወጣኸው አንተ፣ ሌባው እኔ?»

አጎታችን ወደ ብሮንዊን ተመለሱ። «እንግዲህ በስድስት ከሆነ ይኼ ሰውዬ ከስድስቱ በላይ አንዲት ሳንቲም መቀነስ አይችልም ማለት ነው?» «በዚህ ማሽን አይችልም» አለች። «እስክሪብቶ አምጪ!» አሉ። ስንት ሳምንት ለምነናቸው እምቢ ያሉት ሰው፣ ሊንሴይ እንዳይጠቀም ሲሆን ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ተጭነው ፈረሙ። ሊንሴይም እየሳቀ ፈረመ።

ማሽኑን ወደ ሃይነንታል የጎተትኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬም አልተነካም። አጎታችን ማንም ሳይጠራቸው ጎኔ ተቀምጠው ሄዱ። እንደ ደረስን ሦስተኛው ወንፊት አልንቀሳቀስ ሲል በመዳፍ ይመታል እንጂ በመዶሻ አይመታም እያሉ የሊንሴይን ሠራተኞች ሲያዋክቡ ዋሉ። በማግስቱም ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀንም። አሁን ሊንሴይ ምድጃው አጠገብ ወንበር አድርጎላቸዋል፤ ሚስቱም ለምሳ አንድ የሥጋ ፓይ ጨምራ ነው የምትጋግረው። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ይሰዳደባሉ። አጎታችን መንገዱ ሩቅ ነው እያሉ ያማርራሉ እንጂ አንድም ቀን አልቀሩም። ስለዚህ ለእሳቸው ስትጽፊ በሃይነንታል መጋዘን በኩል ላኪው፤ ቤታቸው ከላክሽው የሚቀበልሽ የለም።

ኦድቫርን ጉልበቱን ይጠብቅ በዪልኝ። ሲሪን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ለአማትሽ እጅ ነሥቻለሁ። ማርሊን እንደ ድሮዋ ሰላም ብላሻለች፤ ዝናብ ዘንቧል በልልኝም ብላለች።

ወንድምሽ ኬልቪን ትረሎር
ኩልቢን፣ ደቡብ አውስትራሊያ
ጁላይ 14 ቀን 2019