የጥቅምት ሚካኤል ተረኛ

ጥቅምት ፪፣ ማታ

ዛሬም ስጠይቅ ዋልኩ። የት ታድራለህ? ምን ትሠራለህ? ለምን ከተማ ገባህ? የበጎ አድራጎት መ/ቤታችን የጎንደርን ድሆች ኑሮ እያጠና ነው፤ አጥኚዋ ደግሞ እኔው። ደብተሬ፣ እግሬን ባየሽልኝ! ከፒያሳ አንገረብ፣ ከአንገረብ ቅዳሜ ገበያ። አለቃዬ ቢሮ ተቀምጠው ፍጠኚ ይላሉ። ለተቀመጠ ሰው ቀላል ነው።

አንዲት እንጨት ተሸካሚ ግን አሳቀችኝ። እትዬ ጥሩነሽ ትባላለች፤ ባሏ ሲሞትባት ከትክል ድንጋይ መንደር የመጣች። የምታድረው ጣሊያን ትቶት በሄደው ጋራዥ በረንዳ ላይ ነው። ቤትሽ የት ነው ብላት፣ ለአንድ ቀን የሚከራይ ቤት ታውቂያለሽ ወይ ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። ለአንድ ቀን! ሙሽራ ልታስገቢ ነው? ብዬ ቀለድኩባት።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የቅ/ሚካኤል ማኅበርተኛ ናት። በየወሩ በ፲፪ ከአንዱ ቤት ተሰብስበው ይዘክራሉ፤ የዚህ ወር ተረኛ እሷ ናት። ጽዋውን ስትቀበል ከአንዲት ጠላ ሻጭ ጓዳ ትኖር ነበር። ጓዳው ለሌላ ተከራየና ወጣች። ማኅበርተኞቹ አያውቁም። ሚካኤልን በረንዳ ላይ ልዘክረው ወይ? አለችኝ። ሳቄ ጠፋ።

ጥቅምት ፬

ክፍሌን ላውሳት አሰብኩ። አከራዬ አያ በላይ አይሆንም አሉ። ያቺ ክፍል እንኳን ማኅበር አንቺንም አልቻለች! እውነታቸውን ነው፤ አልጋዬ ላይ ተኝቼ በሩን እከፍታለሁ። ቢሆንም ተናድጃለሁ። ሰላምታ ነሥቻቸዋለሁ።

ጥቅምት ፭

ጉድ ሠራሁ። የማኅበሩን ሙሴ፣ ማለት መሪያቸውን፣ ግንበኛውን አያ መኳንንትን ፈልጌ ነገርኳቸው። ቤት የላትም፣ ተራዋን ለሌላ ስጡላት ብዬ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ!

እትዬ ጥሩነሽ ሰምታ ከተፍ አለች። ምነው? ምን በደልኩሽ? ጽዋዬን ልታስነጥቂኝ ነው? ቤት ማጣቱን ችዬዋለሁ፣ ይኼን ግን አልችልም። ጥላኝ ሄደች። ምላሴን በቆረጠው። እራት አልበላሁም።

ጥቅምት ፯፣ ጧት

በር ተንኳኳ። አያ መኳንንት፣ ከኋላቸው ማኅበርተኛው ሁሉ! እኔን አይደለም፣ አያ በላይን ነው የሚፈልጉት። ከጓሮ ክረምቱ ያፈረሰው ማድ ቤት አለ። እኛ እንሥራው፣ ጥሩነሽ ሦስት ክረምት ያለ ኪራይ ትኑርበት አሏቸው። አያ በላይ ልማዳቸው ነው፣ አይሆንም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ቀደምኳቸው። ግድግዳው ከፈረሰ ወዲህ የጎረቤት አህያ እየገባች ጎመንዎን ጨረሰችው እኮ! አልኩ። አህያዪቱን አሰቡ። ከዚያ፣ ሸጋ፣ ሥሩት አሉ።

ደብተሬ፣ ሳምኳቸው! አፈሩ፣ ሽማግሌው።

ጥቅምት ፱

እጄ ሁሉ ጭቃ፣ ይቅር በይኝ። ወንዶቹ ማገር ሲያስሩ ሴቶቹ ውኃ ሲያመላልሱ ዋሉ። እኔ ጭቃ አቦካለሁ፣ እስከ ጉልበቴ። እትዬ ጥሩነሽ መጣች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ከጎኔ ገብታ ትረግጥ ጀመር። ጥቂት ቆይታ ጭቃ ፊቴ ላይ ለጠፈችብኝ። ታረቅን!

አለቃዬ ሲፈልጉኝ መጥተው አጥኚያቸውን ጭቃ ውስጥ አገኟት። አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን ኮታቸውን ለአያ በላይ አስያዙና የክዳኑን ሣር ሲያቀብሉ ዋሉ።

ጥቅምት ፲፪፣ ማታ

ደስታ ሊገድለኝ ነው። ምርጉ ገና እርጥብ፤ የተደገፈ ሁሉ ጀርባው ጭቃ። ማን ግድ አለው? ቄሱ ባረኩ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ከቤቴ ጾማችሁን እንዳትወጡ፣ ጠጡ፣ ብሉ እያለች ትሽከረከራለች። ከቤቴ ባለች ቁጥር ፊቷ ይበራል። እኔ ጥግ ይዤ አለቀስኩ፣ በደስታ።

ከዚያ ጽዋው የሚሰጥበት ሰዓት ደረሰ። ቀጣዩ የኅዳር ሚካኤል፣ የዓመቱ ትልቅ ድግስ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ብድግ ብዬ ተቀበልኩ! እልልታው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ።

ስቀመጥ ነው ልቤ የተመለሰ። ጠላ መጥመቅ አላውቅ። ክፍሌ ሦስት ሰው አትይዝ። ለእትዬ ጥሩነሽ በጆሮዋ ነገርኳት። ምነው፣ ምን አስጨነቀሽ? ቤት አለን እኮ! አለችኝ። አለን ነው ያለችው፣ ደብተሬ። በቃ፣ ኅዳር ፲፪ ከእሷ ቤት ነው። ጠላውንም ታሳየኛለች፣ ጌሾ ከወዲሁ መግዛት አለብን፣ ደግሞ እየጠራችኝ ነው፣ ዘፈን ጀምረዋል፣ እኔ ልሂድ!