ግድግዳ ያጣው በር

ጥቅምት 11 ቀን

የምወድህ አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? እኔ ደህና ነኝ። በዚህ ወር ደመወዙ ሻል ወዳለ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ይሄኛው ሳይሳካ አይቀርም።

የሠራህልኝ በር ሐሙስ ደረሰ። የጭነት መኪናው ሾፌር "ቤቱስ?" ሲለኝ የተከራየኋትን ክፍል አሳየሁት። በሩን አየ፣ ክፍሏን አየ፤ "እህቴ፣ የቱ ነው የቱ ውስጥ የሚገባው?" አለኝ። እኔም ሳቅሁ። አንተም ሳቅ እንጂ።

የተመረቅሁ ቀን "በር ያለው ሰው ግድግዳ ሳያቆም አይተኛም" ብለህ መላጊያህን አነሳህ። አንተ በእኔ ዕድሜ መሬት በማመልከቻ ተሰጥቶህ፣ በሁለት ዓመት ደመወዝ ቤት አቁመሃል። እኔን ግን "ምሳ እየገዛሽ፣ ስልክ እየቀያየርሽ ቤት ከየት ይመጣል?" ትለኛለህ። አባዬ፣ ሥራዬ ያለው እኮ ስልኩ ውስጥ ነው። አንተንስ መጋዝህን ሸጠህ ቤት ሥራ ያለህ ሰው አለ?

ቢሆንም ሰማሁህ። ዓመቱን ሙሉ እንዳንተ ኖርኩ፤ ምሳ ቋጥሬ፣ ሁለት ፌርማታ በእግሬ እየሄድኩ፣ አንድ ቀሚስ ሳልገዛ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትል የለ? የእኔ እንቁላል እግር እስኪያወጣ መሬቱ ክንፍ አወጣ። አምና ያየሁት ቁራሽ መሬት ዘንድሮ በዋጋ የጨመረው ብቻ ዓመቱን ካጠራቀምኩት ይበልጣል። ደላላው "ቆጥበሽ ነው የመጣሽው?" አለኝ፣ እያዘነልኝ። የዚያን ቀን ምግብ ቤት ገብቼ በላሁ። ጣፈጠኝም፤ አልዋሽህም።

አንድ ጊዜ ግን ዋሽቼሃለሁ። መሬት ልይዝ ነው ያልኩህ ገና ደላላው ጋ ሳልሄድ ነው። በስልክ ድምፅህ እንደዚያ ሲፈካ ስሰማ፣ በኋላ ማረም አቃተኝ። በሩን የጫንከው በእኔ ቃል ነው።

አከራዬ ኮሪደሩ ላይ አታቆሚውም ስላለችኝ ክፍሌ ውስጥ ብሎኬት ደርድሬ አጋድሜዋለሁ። ይሄንንም የምጽፍልህ እላዩ ላይ ነው። ለቁልፉ በበሳኸው ቀዳዳ የላፕቶፑን ገመድ አሾልኬበታለሁ፤ ልክክ ነው ያለው።

የመስኮቶቹን ልክ ላኪልኝ ብለሃል፤ ጣውላውንም ገዝተሃል። አትጀምራቸው፣ አባዬ። ከዚያው ጣውላ አራት እግር ቁረጥልኝ። ሰባ አምስት ሳንቲሜትር ይሁኑ። ልጅ ሆኜ ሜትር ስይዝልህ እንዳስተማርከኝ ሁለቴ ለክቻለሁ።

ዕድሜ ይስጥህ፤ ጣትህን መጋዝ አይንካው።

ሜትር ያዥህ፣ ልጅህ

ማጠፊያዎቹን ነቅዬ በጨርቅ ጠቅልዬልሃለሁ። ለሌላ ሰው በር ይሆኑሃል።