ለአኦኔ የወጣቶች ማደሪያ ኃላፊ፦ ስለ ዘጠኝ ብርድ ልብሶች አተጣጠፍ

ለክቡር አቶ ካሺዋባራ ሞሪዮ
የአኦኔ የወጣቶች ማደሪያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በግቢዎ ያሉት ዛፎች ቅጠላቸውን ማራገፍ በጀመሩበት በዚህ ወቅት ጤናዎ እንደተጠበቀ፣ ጉልበትዎም እንዳልዛለ፣ ቅጠሎቹም ቢሆኑ በማደሪያው ደንብ መሠረት ከመንገዱ በስተግራ ብቻ እየወደቁ እንደሆነ ተስፋ በማድረግ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። በግል የጻፍኩልዎ ሁለት ደብዳቤዎች «ታይቷል» የሚል ማኅተም ተመቶባቸው ተመልሰውልኛል። ማኅተሙ እጅግ ቀጥ ብሎ የተመታ ስለነበር፣ ሦስተኛውን ደብዳቤ በዚህ ጋዜጣ በኩል ብልክልዎ ሌሎችም አይተው ይማሩበታል ብዬ አሰብኩ።

እኔ የሚኖሴ ደሴት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነኝ። ሰባት ተማሪዎች አሉን፤ በመጪው መጋቢት ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ሰባቱም ይዘምራሉ፤ መራርጠን ለማስቀረት የሚበቃ ቁጥር የለንምና። ባለፈው ጥቅምት እነዚህ ሰባት ልጆች፣ የሙዚቃ መምህርታችን ቶዮናጋ እና እኔ ወደ እርስዎ ማደሪያ የመጣነው፣ በክፍለ ሀገሩ ከተማ በሚካሄደው የትምህርት ቤቶች የመዝሙር ውድድር ላይ በትምህርት ቤታችን ስም ለመጨረሻ ጊዜ ለመቆም ነበር። ከደሴታችን በጠዋት ጀልባ ተነሥቶ በሰዓቱ መድረስ ስለማይቻል ሁለት ሌሊት ማደር ነበረብን። መድረክ ላይ የምንወጣው እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአርባ ነበር። ይህችን ሰዓት እባክዎ በአእምሮዎ ያኑሩልኝ፤ እኔ አልረሳኋትም።

አንደኛ፣ ስለ አቀባበልዎ ላመስግን። በደንብዎ ቡድን ማለት አሥር ሰውና ከዚያ በላይ ስለሆነ እኛ ዘጠኙ ቡድን አልነበርንም። ግለሰቦችም መሆን አልቻልንም፤ ግለሰብ አይስተናገድምና። ቢሮዎ ሦስት ሳምንት ካሰበበት በኋላ «በልዩ ሁኔታ እንደ ቡድን የሚታይ» የሚል ቅጽ ላከልን፤ በቅጹም ላይ አሥረኛው ሰው የጎደለበትን ምክንያት እንድናብራራ ተጠየቅን። «አልተወለደም» ብዬ ጻፍኩ። ተቀባይነት አገኘ።

ሁለተኛ፣ ለልጆቹ ስላደሉት ሹመት አመሰግናለሁ። በማደሪያዎ እያንዳንዱ ቡድን አሥራ አንድ አለቆች ሊኖሩት ይገባል፦ የክፍል አለቃ፣ የምግብ አለቃ፣ የመታጠቢያ አለቃ፣ የጫማ አለቃ፣ የጤና አለቃ፣ የባንዲራ አለቃ እያለ ይቀጥላል። ሰባት ልጆች አሥራ አንዱን ሹመት ተካፈሉ። ከሁሉ የሚያንሰው፣ የአንደኛ ዓመቱ ቶማ፣ የመታጠቢያም የጫማም የባንዲራም አለቃ ሆነ። አርብ ከሰዓት በኋላ በድምፅ ማጉያው የመታጠቢያ አለቆች ወደ ቢሮ፣ የጫማ አለቆች ወደ መግቢያው እንዲመጡ በአንድ ትንፋሽ ሲጠሩ ደረጃው መሐል ላይ ቆሞ ቀረ። «መምህር፣ የትኛው እኔ ነው የሚሄደው?» አለኝ። 

ሦስተኛ፣ ስለ ልምምድ ቦታው። አዳራሹ ባዶ ነበር፤ ባዶነቱን በመስኮት አይተነዋል። ነገር ግን በተፈቀዱ ተግባራት ዝርዝርዎ ውስጥ መዘመር የሚገኘው በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም «እሳት ዙሪያ» በሚለው ሥር። ወይዘሪት ሚናኩቺ የተባለችው ትሑት ሠራተኛዎ ዝርዝሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ይቅርታ መምህር፣ መዝሙር ካለ እሳት መኖር አለበት፤ እሳት ደግሞ ዛሬ ነፋስ ስላለ ተከልክሏል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማድረቂያ ክፍሉን ግን ማንም አያየውም» አለች። ስለዚህ እዚያው ካደሩ መቶ ሰማንያ የእግር ኳስ ልጆች እርጥብ ጫማ ጋር ተዘግተን ተለማመድን። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዋ ሃናኤ፣ ትምህርት ቤታችን በዚህ ውድድር ላይ በቆመ ቁጥር ፊት መሥመር ላይ የነበረች ልጅ፣ አፍንጫዋን ይዛ «እዚህ ውስጥ ትንፋሽ መሳብ ከቻልን የትም እንችላለን» ስትል ሁሉም ሳቁ። ከዚያም ዘመሩ። እንደዚያን ቀን ዘምረው አያውቁም። መምህርት ቶዮናጋ እጇን እንዳነሣች ረስታው ቆመች። ያን መዝሙር ከጫማዎቹና ከእኛ በቀር የሰማው የለም።

እዚህ ላይ አንድ ምስጋና አለኝ፤ ይህኛው እውነተኛ ስለሆነ እባክዎ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀልብዎ። የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ኦኩሙራ ለእኛ የተመደበልን የእራት ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ መሆኑን ስታይ፣ «ብሉ ልጆቼ፣ ሰዓቱን እኔ አላየሁትም» ብላ ሩዙን በድጋሚ ሞላችላቸው። በማደሪያዎ ውስጥ ሰዓት ያላየች ብቸኛ ሰው እሷ ናት፤ ደንብ እንደጣሰች ቆጥረው ቢቀጧት ይህንኑ ጋዜጣ በድጋሚ ለመጠቀም እንደምገደድ ከወዲሁ በትሕትና አሳውቃለሁ።

አራተኛውና ዋናው የመሰናበቻው ፍተሻ ነው።

እሑድ ልጆቹ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ተነሡ። ወለሉን በቀዩ ጨርቅ፣ ጠረጴዛውን በሰማያዊው ጠረጉ፤ ጨርቆቹንም አላቀያየሩም። ዘጠኙን ብርድ ልብሶች በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የአተጣጠፍ ፎቶ መሠረት አጥፈው ደረደሩ። የሁለተኛ ዓመቱ ሶሱኬ፣ ነገር ማስተካከል የማይሰለቸው ልጅ ነውና፣ ጠርዞቹን በማስመሪያ ለካ። አውቶቡሱ የተቀጠረው ለሦስት ሰዓት ከሃያ ነበር፤ ከተማው የሃምሳ ደቂቃ መንገድ ነው። ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ወይዘሪት ሚናኩቺ መዝገቧን ይዛ መጣች፤ አየች፤ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ፣ አላለፋችሁም» አለች።

ምን እንደጎደለ ጠየቅኋት። መናገር አይፈቀድላትም። በእርስዎ የትምህርት ፍልስፍና መሠረት ልጆች ጉድለታቸውን ራሳቸው ማስተዋል አለባቸው፤ የነገራቸው ሠራተኛ ግን ማስተዋልን ሰርቋቸዋል። «ፎቶውን እዩ» ብቻ ልትል ትችላለች። አየነው። ፈትተው፣ ከፎቶው ጋር ይበልጥ አስመስለው በድጋሚ አጠፉት። የወደቀ ቡድን ተራ የሚይዘው ከመጨረሻው ስለሆነ የመቶ ሰማንያዎቹ ክፍሎች እስኪፈተሹ ቆምን። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ መጣች። አላለፍንም። ለሦስተኛ ጊዜ አጠፉት፤ አሁን ፎቶው ራሱ ቢያያቸው የሚያፍር ይመስል ነበር። ከሃያ ደቂቃ በላይ ጠበቅን። አላለፍንም።

በዚህ መካከል እርስዎ ራስዎ በኮሪደሩ ሲያልፉ ቆም አሉ። እጅዎን ወደ ኋላ አድርገው ልጆቹን በፈገግታ አዩዋቸውና፣ «አትቸኩሉ ልጆች፤ ችግሩ መቸኮላችሁ ነው። ፎቶውን እስቲ ረጋ ብላችሁ እዩት» ብለው መከሩ። ምክርዎን በጥሞና አዳመጥን። ከሄዱ በኋላ ግን ሶሱኬ፣ «ሰውዬው ራሱ ፎቶውን አይቶት ያውቃል ግን?» አለ። ተቆጣሁት። ለታላቅ ሰው እንዲህ አይባልም አልኩት። ሶሱኬን ይቅርታ መጠየቄን በዚህ አጋጣሚ ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል።

ሃናኤ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። አልጮኸችም። «መምህር፣ ትተነው እንሂድ። አውቶቡሱ እኮ በሩ ላይ ነው» አለች።

ክቡር አቶ ካሺዋባራ፣ ከእርስዎ ጥፋት ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ የራሴ መልስ ነው። የመሰናበቻ ማኅተም ሳያስመታ የሄደ ቡድን የመጣበት አካባቢ ለሁለት ዓመት እንደማይስተናገድ አውቃለሁ፤ በመጪው በጋ ደግሞ የደሴታችን አምስት የመጀመሪያ ደረጃ ልጆች እናንተ ጋ ለማደር ተመዝግበዋል። ይህን አስቤ፣ ደግሞም ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ተሰልፌ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ «አንድ ጊዜ እንደገና» አልኳት። ሃናኤ ተመልሳ ብርድ ልብሱን አነሣች።

አራተኛው ዙር ላይ ሶሱኬ ተናደደ። አጣጠፈውና በፎቶው ላይ ካለው በተቃራኒ፣ የታጠፈው ወገን ወደ በሩ እንዲሆን አዙሮ አስቀመጠው። ሌሎቹም ተከተሉት። ወይዘሪት ሚናኩቺ መጣች፤ አየች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አልፋችኋል» አለች። አራት ሰዓት ከአሥር ሆኖ ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ውድድሩ አዳራሽ ደረስን። መግቢያው ላይ ያለችው ልጅ ዝርዝሯን አይታ፣ «ሚኖሴ? ቀርታችኋል ተብሎ ተጽፏል እኮ» አለች። መምህርት ቶዮናጋ ለመነች፤ ልጅቷም ውስጥ ገብታ ለምና ተመለሰች፤ ያለፈ ተራ አይመለስም። በእነሱ አልፈርድም፤ ለመቶ ትምህርት ቤት የሚሠራ ሰዓት ይጠብቃሉ። ሰባቱ ልጆች የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው የሌላ ትምህርት ቤት መዝሙር በተዘጋ በር ሰሙ። ቶማ በሹክሹክታ፣ «አሁን የምን አለቃ ነኝ?» አለ። የሳቀ አልነበረም።

ወደ ደሴቱ ስመለስ ሰነዶቻችሁን ለማየት ለክፍለ ሀገሩ አስተዳደር አመለከትኩ፤ ማንኛውም ዜጋ የሚችለው ነገር ነው። አንድ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ተላከልኝ፤ ሁሉንም አነበብኩ። ከእነሱ እንደተረዳሁት፣ በግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ የተነሣው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲሆን የታጠፈውን ወገን ወደ መስኮቱ አድርጎ ያሳያል። ባለፈው ሚያዝያ እርስዎ፣ ከኮሪደር ለሚያይ ሰው የተሻለ ያምራል በሚል፣ የታጠፈው ወገን ወደ በሩ እንዲዞር አዘዙ። የፍተሻው መዝገብ ተለወጠ። የአርባ ስድስቱ ክፍሎች ፎቶ ግን ወደሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ተላለፈ። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ካረፉት ስልሳ አንድ ቡድኖች በመጀመሪያው ፍተሻ ያለፈ አንድም የለም። እርስዎም ይህን በግማሽ ዓመት ሪፖርትዎ በዝምታ አላለፉትም፤ በገጽ ሠላሳ አራት ላይ «የዛሬ ወጣቶች የማጠፍና የማስተዋል ችሎታ በሚያሳዝን ሁኔታ እየወረደ መሆኑን ማደሪያችን በተጨባጭ አረጋግጧል» ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ ስምዎና ማኅተምዎ አለ። ማኅተሙ እዚህም ቀጥ ያለ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ለሰባቱ ልጆች ለእያንዳንዳቸው፣ በስማቸው፣ በእጅዎ ጽፈው፣ ብርድ ልብሱን ከመጀመሪያውም በትክክል አጥፈውት እንደነበር ይንገሯቸው። ደብዳቤው ጉድለት ካለበት እመልስልዎታለሁ፤ ጉድለቱ ምን እንደሆነ ግን አልነግርዎትም። ማስተዋልዎን መስረቅ አልፈልግም።

ደንብዎን ከደራሲው በላይ ያጠናሁ፣ ለአሥረኛው ላልተወለደው ሰውም ጭምር ፊርማዬን የማኖር፣ ትጉህ አንባቢዎና የዘወትር አክባሪዎ፣

ኩራሞቺ ያሱሂኮ
የሚኖሴ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጨረሻው ርእሰ መምህር

ማስታወሻ፦ ላበስርዎ የረሳሁት ነገር አለ። የትምህርት ቤታችን ሕንፃ ከተዘጋ በኋላ በሚያዝያ ወር የቡድን ማደሪያ ሆኖ እንዲከፈት የመንደሩ ምክር ቤት ወስኗል፤ እኔም ጡረታ ስወጣ ኃላፊው እንድሆን ተለምኜ እሺ ብያለሁ። የመጀመሪያው ማመልከቻ ትናንት ደረሰን፤ የክፍለ ሀገሩ የወጣቶች ማደሪያ ኃላፊዎች ማኅበር፣ አሥራ አራት ሰው፣ ለሁለት ቀን ሥልጠና። በሊቀመንበርነት የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ማደሪያውን ማን እንደሚመራው ሳይጠይቁ መፈረምዎ አስደስቶኛል፤ ተቀብያለሁ። የአተጣጠፉ ፎቶ በየግድግዳው ተሰቅሏል። ሶሱኬ ያነሣው ነው። የመሰናበቻው ፍተሻ እሑድ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ይጀመራል፤ የጠዋቱ ጀልባ የሚነሣው ሁለት ሰዓት ከሃምሳ፣ የሚቀጥለው አሥር ሰዓት ተኩል ነው። ሰባቱ ልጆች ያን ዕለት ከያሉበት ተመልሰው ወደብ ላይ ይቆማሉ፤ ያልዘመሩትን መዝሙር ይዘምሩልዎታል። አራት ደቂቃ ብቻ ነው። ጀልባው ካመለጠዎ ግን ሰባት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይኖረናል፤ ልጆቹም «አንድ ጊዜ እንደገና» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ተምረዋል።