የብሳናውን ምስጢር ስለ መንገሬ

ሆዴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን እወቂልኝ፤ መድኃኒትሽን ለሰው ነግሬአለሁ። ሌላውን ከዚህ በኋላ አንብቢው።

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ደኅና ነኝ። ልጃችን በየአሥራ አምስት ቀኑ ከቡሬ እየመጣች ጓዳውን ታስተካክልልኛለች፤ ስትሄድ እኔ ዕቃውን አንቺ ታስቀምጪበት ወደነበረው ቦታ እመልሰዋለሁ። የጓሮው ብሳና ከአጥሩ በላይ ሆኗል፤ ንቦቹ አበባውን አይለቁትም።

ጭርት የወጣበት ሰው ሲመጣብሽ፣ ረቡዕ ማለዳ ከማንም ጋር ሳትነጋገሪ፣ የእኔን «እንደምን አደርሽ» እንኳ ሳትመልሺ ትወጪና ሰባት ዓይነት ቅጠል በነጠላሽ ቋጥረሽ ትመለሺ ነበር። ሁሉንም አንድ ላይ ትወቅጪ ነበር። እኔም አስተማሪ ነኝና ሰባቱንም በደብተሬ መዘገብኋቸው፤ ግራዋ፣ ሰንሰል፣ ክትክታ እያልሁ፣ ቅጠላቸውን በገጾቹ መካከል አድርቄ፣ መጠናቸውን በማንኪያ ለክቼ። ዓመታት ፈጀብኝ። ደብተሩን ባየሽ ቁጥር ፊትሽን ወደ ግድግዳው ታዞሪ ነበር፤ የተቆጣሽ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሳቅሽን ነው የምትደብቂው! ታመሽ ከተኛሽ በኋላ እጄን ይዘሽ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ስድስቱ እኮ የሰው ዓይን ማሳሳቻ ናቸው። ሥራውን የሚሠራው የብሳናው ፈሳሽ ነው። አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ለማንም እንዳትናገር፤ ከተነገረ ይረክሳል» አልሽኝ። እኔም ቃል ገባሁልሽ።

ባለፈው ጾም ግን ጎረቤታችን ወይዘሮ ጥሩ አንገቷን በሻሽ ጠቅልላ መጣች። ጭርቱ ሲብስባት፣ አንቺ ስትለቅሚ ያየቻቸውን ቅጠሎች ራሷ ወቅጣ ቀብታው ኖሯል። ያስታወሰችው ስድስቱን ነው፤ ብሳናውን ከጓሮ ስትቆርጪ አላየችሽም። ቆዳዋ ተላጦ እርጥብ ቁስል ሆኗል። «ጋሼ፣ እትዬ ሲያደርጉት ይድን አልነበር? እጄ ነው እንዴ የረከሰው?» ብላ አለቀሰች።

እጇን ስትወቅስ ዝም ማለት አልቻልሁም። መጀመሪያ ቁስሉን በጤና ጣቢያ አሳክማ እንድትመለስ አደረግሁ። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ከብሳናው ሥር አቁሜ፣ ቀንበጡን ቆርጬ፣ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ በጭርቱ ላይ ብቻ እንድታደርገው፣ ዓይኗን እንዳይነካት እየተጠነቀቀች፣ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አሳየኋት። ከዚያም ረክሶ ይሆን ወይ እያልሁ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንገቷን ሳይ ከረምሁ። የጭርቱ ጠርዝ እየደረቀ ነው። ነጠላዋን አሳምራ ማኅበር ሄዳለች።

ቃሌን ማፍረሴን አላቀልለውም። ምስጢሩ አባትሽ ለአንቺ፣ አንቺ ለእኔ ያደረሳችሁት ነው። ቢሆንም አንቺ የደበቅሽው ረክሶ እንዳይጠፋ ነበር፤ እኔ ደግሞ ብደብቀው ከእኔ ጋር ሊቀበር ሆነብኝ። ከብሳናው ቀንበጥ በቆረጥሁ ቁጥር በስምሽ እቆርጣለሁ፤ እስካለሁ ድረስ መድኃኒቱ የማን እንደሆነ ሳልናገር ለማንም አልሰጥም።

አሁን የወይዘሮ ጥሩ እኅት በዚያው ሕመም ተይዛ እሑድ ከሽንዲ ልትመጣ ነው። አንዴ ሳላስፈቅድሽ ተናግሬአለሁ፤ ሁለተኛ ግን ይከብደኛል። በሕልሜም ቢሆን ነይና፣ እሺ በይኝ ወይም ተቆጪኝ፤ ብቻ ከእሑድ በፊት መልሺልኝ።